ኸይሩ በግዙፎቹ መሀል የተራመደ ዕለት

ከአውቶብሱ መጀመሪያ የወረደው ሰው ሳይሆን እግር ነበር። በስምንት ዓመቴ ዐይኔ ከአውቶብስ ደረጃ እምብዛም አያልፍም ነበርና፣ መጀመሪያ የዱቄት ስልቻ የሚያህል ጫማ መጣ፤ ቀጥሎ ቀይ ጸጉር የለበሰ ባት፤ ቀጥሎ የተላጠ ጉልበት፤ ቀጥሎ ደግሞ ጭን። ሰውየው አላልቅ አለ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ከበሩ ወጥቶ ቀና ሲል፣ ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ የቆሙት ባጃጆች ሁሉ ጥሩንባቸውን ለቀቁት።

"ማሻአላህ!" አለ አባቴ። አባቴ ኢሳ የከብት ደላላ ነው። ይህችን ቃል በዚህ ድምፅ የሚላት ባቲ ገበያ ላይ የደለበ በሬ ሲያይ ብቻ ነበር። "ይኼን ምን አብልተው አሳደጉት?"

"አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው" አለው አጠገቡ የቆመው መምህር ሪድዋን።

"ጥርሱን ሳላይ አላምንህም።"

ከኋላው ሌላ ወረደ፤ ከዚያም ሌላ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ያንሳል ብዬ እጠብቃለሁ፤ አያንስም። ከአየርላንድ ነው የመጡ ተባለ። እንዲህ የሚባል አገር መኖሩን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ሰዎቹ ሁሉ እንዲህ ረጃጅም ከሆኑ ዝናቡ ቀድሞ እነሱን እንደሚመታ አሰብኩና አዘንኩላቸው።

መምህር ሪድዋን የስፖርት አስተማሪ ነው። አንድ ክረምት አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ሞላላ ኳስ በብብቱ ሸጉጦ መጣ። "ራግቢ ይባላል" አለ። ከሚሴ ስም ለማውጣት ማንንም አትጠብቅምና "የሪድዋን ዱባ" አለችው። ዱባውን በእጅ ይዞ መሮጥ ነው፤ የሚያሳድድህ እግርህን አቅፎ ይጥልሃል፤ ከመስመሩ ማዶ አድርሰህ መሬት ካስነካኸው ነጥብ ነው። እናቶች "ልጆቻችንን ሊያሰብርብን ነው" ብለው ሲያማርሩ ልጆቹ ከአስፋልቱ በታች ያለውን ሜዳ ሞሉት። ከሁሉም የሚፈጥነው ወንድሜ ኸይሩ ነበር።

ኸይሩ ሲሮጥ ቆንጆ ነበር፤ ሌላ ምን እላለሁ። ሮጦ ሲያበቃ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን በጉልበቶቹ መሀል ቀብሮ ብዙ ይቆያል። እናቴ ረቢአ "የበላው አይረጋለትም" ትላለች። እኔ ደግሞ ሌሎቹ እስኪደርሱበት የሚጠብቃቸው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ደሴ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ጉሮሮውን ታሞ የሰነበተ፣ ጉልበትና ክርኑ እያበጠ የሚያተኩሰው ልጅ ሲመጣ እጄ ቀድሞኝ ወደ ደረቱ ይሄዳል። ኸይሩ በትንሽነቱ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ያኔ ትርጉሙን የሚያውቅ በቤታችን አልነበረም።

እንግዶቹ ጨዋታው ገና ባልተለመደባቸው አገሮች እየዞሩ የሚያሠለጥኑ የወጣቶች ቡድን ናቸው። አንድ ሳምንት ከእኛ ልጆች ጋር ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ግጥሚያ አለ፤ ሲመለሱ ደግሞ ከየደረሱበት ከተማ አንድ ልጅ መርጠው ለክረምት ሥልጠና አገራቸው ይወስዳሉ። ኸይሩ ይህን ከሰማ ጀምሮ እንጀራ በቁሙ ነበር የሚበላው። የሚመረጠው እሱ እንደሆነ እሱም፣ ሪድዋንም፣ ሰፈሩም አልተጠራጠሩም።

በማግስቱ ልጆቹን ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር አሰለፏቸው። እኔ የደላላ ልጅ ነኝ። አባ ሰኞ ሰኞ ባቲ ሲወርድ አንዳንዴ ይዞኝ ስለሚሄድ፣ ከብት እንዴት እንደሚገዛ ያወቅሁት ከፊደል በፊት ነው። ገዢ መጀመሪያ ከሩቅ ያያል። ቀጥሎ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ትከሻውንና ሻኛውን ይዳብሳል፤ በመጨረሻ ወዲያ ወዲህ ያስነዳዋል። ከቡድኑ ጋር የመጣችው ጸጉረ አጭር፣ የሸበተች ሐኪምም ልክ እንደዚያው አደረገች። አፋቸውን እያስከፈተች በሙቅ ውሃ የለሰለሰ ላስቲክ አስነከሰቻቸው። ሚዛን ላይ አቆመቻቸው። ትከሻቸውን ዳበሰች። እስከ ሜዳው ጫፍ አስሮጠችና መለሰቻቸው።

ላስቲኩ በግጭት ጥርስ እንዳይሰበር የሚነከስ መከላከያ ነው። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና፣ እኔ ግን ዕድሜያቸውን በጥርሳቸው እየለካች መሰለኝ። አንድ ልጅ ይወስዳሉ የተባለውም ትርጉሙ ያኔ ገባኝ። ለካ ሊገዙ ነው የመጡት!

ኸይሩ ተራው ሲደርስ ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አደረገች። አነሳችው፤ መለሰችው። ጀርባው ላይ አደረገችው። በግራ ጎኑ አስተኝታ እንደገና አዳመጠች። ሌሎቹን ባንድ አፍታ የጨረሰች ሴትዮ እሱ ላይ ቆመች። ከዚያ ሪድዋንን ጠራች፤ ሪድዋን አባቴን ጠራ። ሦስቱም ከዋርካው ጀርባ ዞሩ። እኔም በወዲህኛው በኩል ሥሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"የልቡ በር አይገጥምም ነው የምትል" አለ ሪድዋን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የወጣው ይመለሳል። በዚህ ላይ መሮጥ፣ መጋጨት... አይቻልም።"

አባቴ "የማይታይ ነውር" አለ። "ስንት ዘመን በሬ ሳይ የኖርኩ ሰውዬ፣ የገዛ ልጄን ነውር ሳላይ።"

"ኢሳ፣ ይኼ ነውር አይደለም፤ በሽታ ነው።"

"ምንም ይሁን። ደብቄ አላሰልፈውም። የሚጋጠሙት ልጆች ሁሉ ይወቁት።"

ነውር ለእኛ የከብት ጉድለት ነው። ነውሩን ደብቆ የሸጠ ደላላ ባቲ ላይ ሁለተኛ ፊቱን አያሳይም። ቀና ብዬ ባይ የአባቴ እጅ በሐኪሟ እጅ ውስጥ ነው፤ የትከሻው ፎጣ ጫፍ ወርዶ ሸፍኖታል። አባቴ ባዕድ ሴት አይጨብጥም። ነገር ግን ከቆላ ነጋዴዎች ጋር ዋጋ ሲቆርጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በፎጣ ሸፍነው፣ በጣት እንደሚነጋገሩ አውቃለሁ። ሐኪሟ እጁን የያዘችው ልታጽናናው ነበር። የነገረችው ደግሞ የልጁ የልብ ክዳን እንደማይዘጋ፣ በዚያ ላይ ከሮጠ ሜዳ ላይ ወድቆ ሊቀር እንደሚችል ነበር። እኔ ያየሁት ወንድሜን ሲሸጡት ነው።

ተነስቼ በረርኩ። እኛ ዘንድ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌ አበጋር ይባላሉ፤ የእኛ ሰፈር አበጋር ሙሄ ይባሉ ነበር። አበጋር በባዶ እጅ አይጠራም። ከቦዩ ዳር የቻልኩትን ያህል ለምለም ሳር ነጭቼ በራቸው ላይ ደረስኩ።

"አበጋር፣ ኸይሩን ሊሸጡት ነው!"

"አካም? እንዴት? ማን ነው የሚሸጠው?"

"አባ።"

"ለማን?"

"ለረጃጅሞቹ። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ነውር አለው ብሎ ዋጋውን እየቀነሰ ነው።"

አልሳቁም። ያኔም የገረመኝ፣ ዛሬም የሚገርመኝ ይኼ ነው። ሳሩን ከእጄ ተቀበሉና አገላብጠው አዩት። "ሳር ይዘሽ መጥተሽ ተቀምጬ አልቀርም" አሉ። ዘንጋቸውን አንስተው ወጡ።

ሜዳው ስንደርስ ግማሾቹ ግዙፎች ልምምድ ላይ ነበሩ። ስምንት በአንድ ወገን፣ ስምንት በሌላው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደ ወይፈን ተጋጥመው ይገፋፋሉ። ያቃስታሉ። አፈሩ ከሥራቸው እየተፈነቀለ ይወጣል። አበጋር ይህን ሲያዩ እኔንም ኸይሩንም ረሱ። ሳሩን ከፍ አድርገው በቀጥታ መሀላቸው ገቡ።

"በነቢ! በነቢ ይሁንባችሁ! አውፍ ተባባሉ! ይቅር ተባባሉ!"

አሥራ ስድስቱም ቆሙ። ቀስ ብለው ተፈታቱና ደረታቸው ላይ እንኳ የማይደርሱትን ሽማግሌ ቁልቁል አዩ። ሪድዋን እየሮጠ መጣ።

"አባቴ፣ አልተጣሉም። ጨዋታ ነው።"

"ጨዋታ?" አሉ አበጋር ላብ ያጠመቃቸውን ልጆች አንድ በአንድ እያዩ። "ያ ረቢ! ሲጣሉስ ምን ሊሆኑ ነው?"

እውነተኛው ጥል ከዋርካው ሥር ነበር። ኸይሩ ዱባውን አባቴ እግር ሥር ወርውሮ ይጮሃል። "ብሞትም እጫወታለሁ! ሞቱ የኔ ነው!" አባቴ መሬት ላይ ተቀምጧል። "እኔ ሬሳህን ከዚህ ሜዳ አላነሳም" ይላል። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ለሸጠው ልጅ እያለቀሰ መስሎኝ ይበልህ አልኩ።

አበጋር ተቀመጡ፤ ሁሉም ተቀመጠ። እኛን ሕፃናቱን ወደ ሜዳው ጫፍ ስላባረሩን የተባለውን አልሰማሁም። ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ አያለሁ። ኸይሩ ሲናገር፣ አባቴ ሲናገር፣ ሐኪሟ ስትናገር፣ ሪድዋን ወዲያና ወዲህ ሲያስተረጉም ጥላው ዞረ። በመጨረሻ አበጋር ያመጣሁትን ሳር ዘለላ በዘለላ እየለዩ ለእያንዳንዱ ልጅ አደሉ፤ ለእኛም ልጆች፣ ለእንግዶቹም። መጀመሪያ ከአውቶብሱ የወረደው ባለ ቀይ ጸጉር፣ አለቃቸው ኮናል፣ ሳሩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ካልሲው ውስጥ ሻጠው። ሌሎቹም አዩትና እንደሱ አደረጉ። ከዚያ አበጋር መዳፋቸውን ዘረጉ። እነዚያ ሁሉ ትላልቅ መዳፎች አብረው ተዘረጉ፤ ሜዳው በአንድ ድምፅ "አሚን" አለ። ጸጉሬ ቆመ። አበጋር ሽያጩን አፍርሰው፣ ግዙፎቹን በዱአ እንዳሰሯቸው ገባኝ።

ቅዳሜ ሰው ከጨፋ ሳይቀር መጣ። ሸንኮራ ሻጮቹ ከቀትር በፊት ጨረሱ። ማንጎው ዛፍ ላይ ከፍሬው የበዛ ልጅ ተሰቀለ። ኸይሩ የቡድኑን ማልያ ለብሶ ከእማ አጠገብ ተቀምጧል፤ አይጫወትም። ግዙፎቹ የእኛን ልጆች እያነሱ ያስቀምጧቸዋል። የእኛዎቹም አልሰነፉም፤ ሦስት ሆነው አንዱን እግር ይዘው ሲጎተቱ ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። በጨዋታው ማብቂያ ላይ ግን ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ አስቆመና ወደ እኛ አየ። ኸይሩ ተነሳ። እማ የማልያውን ጫፍ ይዛ ነበር። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ቁርአን እየቀራች ነው። ከዚያ ለቀቀችው።

ዱባውን ሰጡት። አልሮጠም። በደረቱ አቅፎት፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው እየተራመደ ወደ ግዙፎቹ ገባ።

የመጀመሪያው እየተንደረደረ መጣበት። እጁን ዘርግቶ ተወረወረ፤ ኸይሩን ሳይነካ አቧራው ላይ ተዘረጋ። ኸይሩ አላየውም እንኳ። ሁለተኛው ከቀኝ መጣ፤ ወደቀ። ሁለት ሆነው መጡ፤ እርስ በርስ ተላትመው ወደቁ። ሕዝቡ መሳቁን ተወ። መሬቱ በወደቁ ቁጥር እግሬ ሥር ይርገበገባል፤ ወንድሜ ግን ይራመዳል። ያንን አካል ይዘው፣ ያንን ጉልበት ይዘው፣ አንድ ቀጭን የከሚሴ ልጅ መንካት አቃታቸው። ሜዳው መሀል ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ቆመ። ኮናል እግሩ ሥር ተዘርሯል። ኸይሩ ቁልቁል እያየው ቆሞ ቀረ፤ ኮናል ከመሬት ሆኖ አፉን አንቀሳቀሰ። ማረኝ እያለው ነው አልኩ። ኸይሩም ማረው መሰለኝ፣ እንደገና መራመድ ጀመረ። መስመሩን አለፈ፤ ተንበርክኮ ዱባውን መሬት አስነካና ግንባሩን ላዩ ላይ ጣለ። ያን ጊዜ የወጣው እልልታ ሐርቡ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከራማ ነው አልኩ። የአበጋር ከራማ የእጃቸውን ኃይል ወስዶባቸዋል፤ ወንድሜ ደግሞ ይህን አውቆ መሮጥ እንኳ አላስፈለገውም። በነጋታው አውቶብሱ ሌላ የእኛን ልጅ ይዞ ሄደ። ኸይሩ አልተሸጠም! እየዘለልኩ ቤት ገባሁ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ድካም ነው ብዬ ላዩ ላይ ወጥቼ ጨፈርኩ። እንዳወረደኝ አስታውሳለሁ፤ ቀስ አድርጎ ነው ያወረደኝ።

ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ያልነገርኩት ልጅ የለም። በየዓመቱ ግዙፎቹ ትንሽ ይጨምራሉ።

ሐኪሟ አዲስ አበባ ያሉ ባልንጀሮቿን አነጋግራ ኸይሩ ወረፋ ያዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደረቱን ሊከፍቱት ሲያስገቡት፣ እማና እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። አባ ሰላት ላይ ነበር። እማ ከተዘጋው በር ፊት ወዲያ ወዲህ ትላለች። እኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ላጽናናት ፈለግሁ።

"እማ፣ ምን ያስፈራሻል? እሱ እኮ ግዙፎቹን ሁሉ እየተራመደ የጣለ ነው።"

እማ አየችኝ። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ተበላሸባት። "አፌ ቁርጥ ይበልልሽ፣ እስከ ዛሬ እንዲያ ነው የምታስቢው?" አለችኝ። እናም ዋርካው ሥር የተባለውን ነገረችኝ።

አበጋር ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ ብለው ነበር፦ "ኸይሩ አንድ ጊዜ ይግባ። ይራመድ፣ አይሩጥ። ከናንተም ማንም አይንካው። ግን ቆሞ የሚያሳልፈው እንዳይኖር! እያንዳንድህ ልትጥለው መጥተህ፣ ሳትጥለው ውደቅ። ይኼ ልጅ ምጽዋት አልለመነም፤ ጨዋታ ነው የለመነ። አንተም ኸይሩ፣ ከዚያ ወዲያ ሐኪሟ እሺ እስክትል ዱባውን አትነካትም።" ሳሩ የዚህ ቃል ኪዳን ነበር። ሁለቱም ወገን ተቀበለው፤ ኸይሩም ተቀበለው።

"መሀል ላይ የቆመውስ?" አልኳት። ከሁሉም የምወደው እሱ ነበር።

"ትንፋሹ አልቆ ነዋ። ልቤ በጆሮዬ ውስጥ ስትጮህ ይሰማኝ ነበር አለኝ፤ እግሩን ማንሳት አቃተው። እኔ ሮጬ ልገባ ስል ራሴን በግድ ያዝኩ። ያ ቀዩ ልጅ ተኝቶ ምን ሲለው ነበር መሰለሽ? ‘ሱታ... ሱታ’። በቋንቋችን ቀስ በል ማለትን ተምረው ኖሯል። የወደቀው ሁሉ ከወደቀበት ሳይነሳ ጠበቀው፤ አንድ እንኳ ቀና ያለ አልነበረም።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። የሆነ ነገር ከእጄ የነጠቀችኝ መሰለኝ። ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ እነዚያን ሁሉ ልጆች አሰብኳቸው፤ ቋንቋችንን የማያውቁ፣ በጉልበታቸው ሊታዩ ባሕር ተሻግረው የመጡ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቀይ አቧራ ላይ ተዘርግተው አንድ ልጅ ትንፋሹን እስኪሰበስብ የጠበቁ። ከራማ ከዚህ ይበልጣል? አይመስለኝም። እስከ ዛሬም ሳስበው ጸጉሬ ይቆማል።

ኸይሩ ዳነ። አሁን ከሪድዋን ጋር ልጆች ያሠለጥናል፤ አይጋጭም፣ ይጮሃል እንጂ። ደረቱ ውስጥ ያስገቡለት ክዳን ሰው ሠራሽ ነው፤ ቤቱ ጸጥ ካለ ይሰማል፤ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል። ልጁ ሰልሳቢል አራት ዓመቷ ነው፤ ያደገችው በዚህ ድምፅ ላይ ተኝታ ነው።

ባለፈው ዒድ አባቴ ምሳ በልቶ ጋደም ሲል ሄዳ ደረቱ ላይ ተኛች። ጆሮዋን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ አዛወረች። ድንገት ተነስታ ወደ እኔ ሮጠች።

"አክስቴ፣ የአባባ ቆሟል።"

አባቴ አንድ ዐይኑን ገልጦ አየን። ኸይሩ ሊያስረዳት አፉን ከፈተ፤ እኔ ቀደምኩት።

"አልቆመም የኔ እናት። እንዲያ የሚጮኸው ግዙፎችን ያሸነፈ ሰው ልብ ብቻ ነው" አልኳት።

ሰልሳቢል ዞር ብላ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ብዙ ጊዜ እያየችው ቆመች።